ኋላ እንነጋገራለን

ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የፈተና ወረቀት እያረምሁ ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ ልጅ አንኳኩቶ ገባ። ካሜራው እንደ ወትሮው በአንገቱ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «ቲቸር፣ ይህን ይመልከቱልኝ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ።

የሚታየው በአንድ መንገድ ማዕዘን ላይ የቆመ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አንድ ዘፋኝ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘርግቷል፤ ላቡ በግንባሩ ላይ ያበራል። ከግርጌው የአንድ መጠጥ ስም በትልቁ ተጽፏል። ፎቶግራፉን ያነሣው ይኸው ልጅ ነው። ስሙ የትም የለም፤ ገንዘብም አልተከፈለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮንሰርቱ አዘጋጅ «ና አንሣልን» አለው። ልጁ ስለ ዋጋው ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ «ግድ የለም የኔ ወንድም፣ ኋላ እንነጋገራለን፤ ስምህም ይወጣል» ተባለ። እሱም አፈረና ዝም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አነሣ፤ በማግሥቱ 140 ፎቶግራፍ መርጦ ላከ። «ኋላ» የተባለው ቀን ግን አልመጣም። ደጅ ጠንቶ በመጨረሻ ሲያገኛቸው ስለ ገንዘቡ «እኛ መቼ ቀጠርንህ? በነፃ አስገባንህ እንጂ» አሉት። «እንግዲያውስ ፎቶግራፌን አውርዱልኝ» ቢላቸው፣ «በእኛ ዝግጅት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ የእኛ ነው» የሚል መልስ አገኘ። አንባቢ እነዚህን ሁለት መልሶች በልቡ ይያዝልኝ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስለን። በአውሮፓና በአሜሪካ በታላላቅ ኮንሰርቶች ላይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከመድረኩ ፊት እንዲቆሙ የሚፈቀድላቸው ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው፤ ፍላሽም ክልክል ነው። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ካሜራን ሰብስቦ መውጣት ነው። ከመግባታቸው በፊት ደግሞ የሚፈርሙት ወረቀት አለ። ክፉው ነገር የሚገኘው በዚያ ወረቀት ውስጥ ነው፤ ከውስጥ ከበሮው ሲመታ እየተሰማ ማን አስተውሎ ያነባል?

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት ለአፕል ኩባንያ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ኩባንያው አዲሱን የሙዚቃ አገልግሎቱን ለደንበኞች ሦስት ወር በነፃ ሊያሰማ፣ በዚያም ጊዜ ለሙዚቃው ባለቤቶች ላይከፍል አስቦ ነበርና፣ ሥራችንን ያለ ዋጋ አትውሰዱ ማለቷ ነው። ኩባንያው በአንድ ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበላት። ጄሰን ሼልደን የተባለ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ወዲያው የራሱን ደብዳቤ አወጣ። እሱ እንዳለው፣ የእርሷ ሰዎች ፎቶግራፍ አንሺዎችን የሚያስፈርሙት ውል፣ ያነሣው ሰው ፎቶግራፉን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያወጣ ሲፈቅድ፣ ለእነርሱ ግን ያለ ክፍያ ለዘለዓለም ለማስታወቂያ እንዲጠቀሙበት መብት ይሰጥ ነበር። የእርሷ ወገን ውሉ በትክክል አልተገለጸም ብሎ መለሰ። በዚያው ወር መጨረሻ ደብሊን ላይ ስትዘፍን፣ አይሪሽ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በዚህ ውል አንስማማም ብሎ የኮንሰርቱን ፎቶግራፍ ሳያወጣ ቀረ። በሐምሌ ውሉ ተሻሻለ።

በዚያው ክረምት ፉ ፋይተርስ የተባለው ባንድ ተመሳሳይ ወረቀት ቢያቀርብ፣ ዋሽንግተን ሲቲ ፔፐር አልፈርምም አለና ከተመልካቾች ፎቶግራፍ እገዛለሁ ብሎ አስታወቀ። ለ ሶሌይ የተባለው የኬቤክ ጋዜጣ ደግሞ በካሜራ ፈንታ እርሳስ ያለው ሰዓሊ ላከ! ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወደ ልጄ ነገር ልመለስ። የዚያን ዕለት «አይዞህ፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» ብዬ ነበር የሸኘሁት። እኔ የማስተምረው ታሪክ እንጂ ሕግ አይደለም። ማታ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አውጥቼ ሳነብ ችኩል እንደ ነበርሁ ገባኝ። አዋጁ ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቆጥራል፤ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የጥበቃ ዘመን 25 ዓመት ነው፤ ሥራውን የሠራው ሰው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት አለው፤ የመጠቀም መብት ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ዳሩ ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም በውል ታዝዞ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አዛዡ ነው።

እንግዲህ እነዚያን ሁለት መልሶች እናምጣቸው። ልጁን ካልቀጠሩት ፎቶግራፉ የእሱ ነው። ቀጥረውት ከሆነ ደግሞ ፎቶግራፉ የእነርሱ ነው ሊባል ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ደመወዙ የታለ? ገንዘብ ሲጠየቁ እንግዳ፣ ፎቶግራፍ ሲጠየቁ ቅጥረኛ ሊያደርጉት የቻሉት ግማሽ ገጽ ወረቀት ስለ ጠፋ ብቻ ነው።

ዘፋኙም ቢሆን የራሱ መብት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 ደግሞ ሰውየው ዝነኛ ሲሆን ወይም ነገሩ በሕዝብ ፊት የተደረገ ሲሆን ፈቃድ አያሻም ይላል። ስለ ኮንሰርቱ ለሚጽፍ መጽሔት ይህ ይበቃል። ለመጠጥ ማስታወቂያም ይበቃል ብሎ የሚወራረድ ቢኖር ግን እኔ ገንዘቤን አላስይዝም። ልጁም ራሱ ነገ ለፋብሪካ ልሽጥ ቢል አስቀድሞ ዘፋኙን መጠየቅ ይኖርበታል።

ከአዋጁ ይልቅ የሚከብደው ይሉኝታችን ነው። እኛ ስለ ዋጋ አስቀድሞ መናገርን እንደ ስግብግብነት እንቆጥራለን። «ስንት ልስጥህ?» ሲሉን «እንዳሻዎ» እንላለን፤ ኋላ ቤታችን ገብተን እናዝናለን። አንድ ጸሐፊ ደመወዙን ሳያውቅ ወንበር ላይ ይቀመጣልን? ደግሞም በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት ዋጋዎች አሉ፤ አንዱ የሌሊቱ ድካም ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ፎቶግራፉ የሚውልበት ነገር ዋጋ ነው። በሬውን ለአንድ ቀን እርሻ ያከራየ ገበሬ በሬውን ሸጠ አይባልም። ለዜና የተሰጠ ፎቶግራፍ ለአልበም ሽፋን ሲፈለግ ሌላ ንግግር ነው፤ ለመጠጥ ሰሌዳ ሲሆን ደግሞ ሌላ። በነፃ መስጠትም ነውር አይደለም። ልጁ ገና ለሚጀምር ችግረኛ ዘፋኝ በነፃ ቢያነሣ እኔ ደስ ይለኛል፤ ብቻ የሰጠውን ነገር አውቆ ይስጥ።

በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ተቀምጠን ወረቀት ጻፍን። ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት ፎቶግራፍ እንደሚያስረክብ፣ ግማሹ ቀብድ ቀሪው በርክክብ ቀን እንደሚከፈል፣ ፎቶግራፉ የት የትና እስከ መቼ እንደሚውል፣ ስሙ ከጎኑ እንደሚጻፍ፣ ለሌላ ማስታወቂያ ሲፈለግ እንደገና እንደሚነጋገሩ፣ የፎቶግራፎቹም ባለቤት ራሱ እንደሆነ። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ካልተጻፈች የቀሩት ብዙም አይጠቅሙም።

ሌላ አዘጋጅ ዘንድ ይዞት ሄደ። ሰውየው አነበበ፣ ሳቀ፣ «ጠበቃ ሆነህ መጣህ እንዴ?» አለው፤ ከዋጋው ሩቡን አስቀነሰ፤ ስሙን የሚመለከተውን መስመር ሊሰርዝ ብዕሩን አንሥቶ ተከራከሩና ተወው፤ ፈረመም። ቀብዱ በቴሌብር ገባ። የመጠጡ ሰሌዳ ግን እስከ ዛሬ ከማዕዘኑ አልወረደም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ደግ አይሆንም። በትምህርት ቤታችን የዓመት መጽሔት ላይ አምና የወጡትን ስድስት ፎቶግራፎች ያነሣው ይኸው ልጅ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ እኔ ነበርሁ። ስሙን አልጻፍሁም፤ ሣንቲምም አልሰጠሁትም፤ እንዲያውም ሊደሰት ይገባዋል ብዬ አስቤ ነበር። ወረቀቱን ጽፈን በጨረስን ጊዜ ይህን ነገርሁትና ስንት እንደምከፍለው ጠየቅሁት።

ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀና «ግድ የለም ቲቸር፣ ኋላ እንነጋገራለን» ብሎኝ ሄደ።