«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በዋሽንግተን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የባላባት ሥርዐት ቅርስ ነው፤ ሪፑብሊክ በቆመበት አገር ቦታ የለውም ሲባል ኖሯል። በእኛ አገር አባባሉ ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ያው አባባል ባሕር ተሻግሮና የሕግ ቋንቋ ተምሮ በዋሽንግተን ከተማ ከዳኞች አፍ ሲወጣ ሰምተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ድምፅ ለ3 ፈረደ። ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ዋና በሆነው የሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ለሠራው ሥራ ፈጽሞ አይከሰስም፤ በሌላውም የመንግሥት ሥራው ከሳሹ በብርቱ ምክንያት ካላፈረሰበት በቀር ያለመከሰስ መብት አለው ተባለ። ለክስ የቀረው የግል ሥራው ብቻ ነው። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዷ ሶንያ ሶቶማዮር፣ በዚህ ፍርድ ፕሬዚዳንቱ ከሕግ በላይ የሆነ ንጉሥ ሆኗል ብለው ጻፉ። የእኛን ተረት ሳይሰሙት ደረሱበት።

ለመሆኑ ክሱ ስለ ምን ነበር? በ2020ው ምርጫ ጆ ባይደን ከ81 ሚሊዮን በላይ፣ ዶናልድ ትራምፕ 74 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ። ተሸናፊው «ድምፃችን ተሰረቀ» አሉ። እርሳቸውና ደጋፊዎቻቸው ከ60 በላይ ክስ አቀረቡ፤ ውጤቱን የለወጠ አንድም አልተገኘም። ራሳቸው የሾሙት የፍትሕ ሚኒስትር ዊልያም ባር እንኳ ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ማጭበርበር እንዳልታየ ተናገሩ። ይህም ሆኖ ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ለጆርጂያ የምርጫ ኃላፊ ስልክ ደውለው 11,780 ድምፅ ማግኘት እፈልጋለሁ አሉ። በዚያ ግዛት የተሸነፉት በ11,779 ነበርና የተፈለገው በልክ የተሰፋ ድል ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሕዝብ ተሰብስቦ የሕግ አውጪውን ሸንጎ ሰብሮ ገባ። ወደ 140 የሚጠጉ ፖሊሶች ተጎዱ።

እንግዲህ ጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ከእጅ ወደ እጅ ሲወራወር ተመልከቱ። የእንደራሴዎች ምክር ቤት ከሰሰ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 57 ሰዎች ጥፋተኛ ናቸው፣ 43ቱ አይደሉም አሉ፤ ለመፍረድ 67 ያስፈልግ ነበርና ክሱ ወደቀ። የሪፑብሊካኖቹ አለቃ ሚች ማኮኔል «አይደሉም» ብለው ድምፅ ከሰጡ በኋላ ተነሥተው ትራምፕ ለሆነው ሁሉ በሞራል ኃላፊ ናቸው፤ ነገር ግን ከሥልጣን የወረደን ሰው እኛ አንዳኝም፤ መደበኛ ፍርድ ቤት አለ አሉ። ዐቃቤ ሕጉ በኦገስት 2023 ክሱን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ወሰደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከላይ የተባለውን መብት ሰጠ። ክሱ ገና ሳይሰማ የ2024 ምርጫ ደረሰ፤ ትራምፕ አሸነፉ። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም በሚለው ደንብ መሠረት ዐቃቤ ሕጉ በኖቬምበር ክሱን አነሣ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አዲሱ ፕሬዚዳንት በጃንዋሪ 6ቱ ነገር ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው 1,500 ለሚሆኑ ሰዎች ምሕረት አደረጉ።

ሸንጎው ወደ ፍርድ ቤት ገፋው፤ ፍርድ ቤት ወደ ሕገ መንግሥት ገፋው፤ ቀን መቁጠሪያው የቀረውን ጨረሰው። እኛ ተከሳሹ ጥፋተኛ ናቸው ብለን አንፈርድም፤ የመፍረድ ሥልጣን የለንም። ቅሬታችን ዳኛም አለመፍረዱ ነው።

በዚህ ሁሉ ሐሰቱ የተቀጣበት አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም የገንዘብ ክርክር ነው። ፎክስ ኒውስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ዶሚኒየን የድምፅ መስጫ መሣሪያ ባሰራጨው ወሬ ተከሶ፣ ዳኛው ስለ ኩባንያው የተነገረው ሐሰት መሆኑን ከወሰኑ በኋላ፣ በኤፕሪል 2023 በስምምነት 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እንግዲህ ኩባንያ ስሙ ሲጎድፍ ይካሣል። የሕዝብ ድምፅ ሲጎድፍስ ካሣው የማን ነው? ለነጋዴው ዳኛ የተገኘበት አገር ለመራጩ ዳኛ ካጣ፣ እኩልነቱ ምኑ ላይ ነው?

አንዳንድ ሊቃውንት «ሕዝብ ለሁለት በተከፈለበት አገር መሪን መክሰስ እሳት መጫር ነው፤ ጊዜ ይፍታው» ይሉናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ይጨምሩበታል። ንጋት ያለ ማንም ድካም ይጠራል፤ እውነት ግን ምስክር፣ መዝገብና የማይፈራ ዳኛ ይፈልጋል። መከፋፈሉም ምክንያት አይሆንም። ደቡብ ኮሪያም የተከፈለ አገር ነው። ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ ዮል ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ የጦር ሕግ ዐውጀው፣ ወታደር ወደ ሸንጎው ብቻ ሳይሆን ወደ ምርጫ ኮሚሽኑም ሰደዱ። ተጭበረበረ የሚለው ወሬ እዚያም ነበረ። በዚያው ሌሊት 190 እንደራሴዎች አጥር እየዘለሉ ጭምር ገብተው፣ አንድም ሳይቃወም ዐዋጁ ይነሣ አሉ። ኤፕሪል 4 ቀን 2025 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ስምንት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ሻሯቸው። ብራዚልም የተከፈለ አገር ነው። ዣይር ቦልሶናሮ ስለ ድምፅ መስጫው ባሰራጩት ሐሰት በ2023 እስከ 2030 እንዳይወዳደሩ ታገዱ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ መንግሥት ለመገልበጥ በማሤር 27 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባቸው። ሁለቱም አገሮች የወታደር አገዛዝን ቀምሰዋልና በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

«ይህ በቀል ነው» ለሚሉት መልስ አለን። በቀልን እናውቀዋለን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። የማይከሰሰውን ንጉሥ ያወረደ ኀይል ራሱ የማይከሰስ ሆኖ 17 ዓመት ገዛ። ዳኛ የሌለበት ቅጣት ተጠያቂነት አይደለም፤ የዙፋን መለዋወጥ ነው። የምንጠይቀው ማስረጃው በገሃድ የሚቀርብበት፣ ተከሳሹ የሚከራከርበት፣ ፍርዱም በጊዜው የሚሰጥበት ችሎት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የዋሽንግተንን ነገር የጻፍነው በሩቅ አገር ለመሣለቅ አይደለም። ሐሰት የሚነግሠው ታላቅ ውሸታም ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ሰዎች «የእኔ ሥራ አይደለም» ስላሉ ጭምር ነው። በማኅበራችንም ወሬ ይነዛል፤ ነዢው አይጠየቅም። ሒሳብ ይጎድላል፤ ኮሚቴው ወደ ዲን፣ ዲኑ ወደ ኮሚቴው ይገፋል። መምህራኖቻችንም «እኛ ገለልተኞች ነን» እያሉ ያዩትን ይደብቃሉ። በሁለት ሐሳብ መካከል ገለልተኛ መሆን ይቻላል፤ በእውነትና በሐሰት መካከል ግን ገለልተኝነት የሐሰት ረዳትነት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ የማኅበሩ ሹማምንት ሒሳባቸውን በየሴሚስተሩ በጠቅላላ ጉባኤ ያቅርቡ፤ ከሥልጣን ወርጃለሁ ማለት ከመጠየቅ አያድንም። ሁለተኛ፣ በዚህ ጋዜጣ ስሕተት ሲታተም እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ይውጣ። ሦስተኛ፣ በምርጫ የተሸነፈ እጩ ተጭበርብሯል ካለ ማስረጃውን በጉባኤ ፊት ያኑር፤ ከሌለው ይህንኑ በዚያው ጉባኤ ፊት ይናገር። ይህን ከራሳችን ያልጠየቅን ተማሪዎች ነገ በመንግሥት ወንበር ስንቀመጥ ማንም እንዲጠይቀን አንፈቅድም።