የማይሞገት ንግግር

በአሜሪካ የሥልጠና ማዕከላት ተደራጅቶ በአነቃቂ ንግግር መድረኮች በኩል አዲስ አበባ ድረስ የዘለቀ አንድ ትምህርት፣ ሰው በሕዝብ ፊት ሲቆም የሚይዘውን ፍርሃት ለማሸነፍና የአድማጭን ልብ ለማግኘት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የራስን የሕይወት ታሪክ መናገር ነው ይላል። ታሪኩ የታወቀ ቅርጽ አለው፤ ተናጋሪው አንድ ጊዜ ይወድቃል፣ በሆነ አጋጣሚ ዓይኑ ይገለጣል፣ ከዚያም ተነሥቶ ለአድማጩ የሚሆን ምክር ይዞ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ «የግል ትረካ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ይህም ማለት ተናጋሪው ስለ አንድ ጉዳይ ሰው ለማሳመን ሲነሣ ጉዳዩን ትቶ፣ ወይም ከጉዳዩ አስቀድሞ፣ በራሱ ላይ የደረሰውን የሚያቀርብበት ስልት ነው። ስልቱ እንደሚሠራ የሚክድ የለም፤ መጠየቅ ያለበት የሚሠራው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው።

ሲጀመር ነገሩ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ዴል ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) የማታ የንግግር ትምህርት ሲከፍት ጀማሪዎቹን ራሳቸው ካለፉበት ነገር ተነሥተው እንዲናገሩ ያደርግ ነበር፤ ሰው የኖረውን ለመናገር መሸምደድ ስለማያስፈልገው ምላሱ ቶሎ ይፈታልና። እ.ኤ.አ. በ1924 ራልፍ ስሜድሊ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ከተማ የመሠረተው ቶስትማስተርስ የተባለ የንግግር መለማመጃ ክበብም የአዲስ አባልን የመጀመሪያ ንግግር ስለ ራሱ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን አባሉ ንግግር ማዋቀርን፣ ርዕሱን ማጥናትንና ማሳመንን ይለማመዳል። በሁለቱም ዘንድ የራስ ታሪክ ለጀማሪ የሚሰጥ ምርኩዝ ነበር፤ የዛሬው ሥልጠና ግን ምርኩዙን እግር አድርጎታል። በሴዛር ቻቬዝ ይመራ በነበረው የእርሻ ሠራተኞች ንቅናቄ ለ16 ዓመታት አደራጅ ሆኖ የሠራውና በኋላ የሃርቫርድ መምህር የሆነው ማርሻል ጋንዝ ያስተማረው፣ የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ በጎ ፈቃደኞችም የሠለጠኑበት ዘዴ እንኳ ሦስት ክፍል ነበረው፤ «የራስ ታሪክ» ወደ «የእኛ ታሪክ»፣ ያም አድማጩ ዛሬውኑ ምን ማድረግ እንዳለበት ወደሚጠይቀው «የአሁን ታሪክ» ይሸጋገራል። ዘዴው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን ሁለቱ ክፍሎች መንገድ ላይ ቀርተው የመጀመሪያው ብቻ ደረሰ።

ሁለቱ ክፍሎች ለምን እንደቀሩ ለማወቅ፣ የግል ትረካ የሚሰጠው ድፍረት ከየት እንደሚመነጭ ማየት ይገባል። አንድ ሰው «የከተማችን የቤት ኪራይ በዚህ ምክንያት ጨመረ» ሲል ሊሳሳት ይችላል፤ ከአድማጮቹ መካከል የተሻለ የሚያውቅ ተነሥቶ ሊያርመው፣ ማስረጃ ሊጠይቀው፣ ሊረታውም ይችላል። «እናቴ የቤት ኪራይ አጥታ ሌሊቱን ስታለቅስ አየሁ» ሲል ግን የሚያርመው የለም፤ የሰውን እናት እንባ የሚሞግት ነውረኛ ይባላልና። ስለዚህ ሠልጣኙ ያገኘው ድፍረት ጉዳዩን ጠንቅቆ ከማወቅ የሚመጣው አይደለም፤ ማንም እንደማይጠይቀው ከማወቁ የመጣ ነው። አድማጩም ቢሆን ከተናጋሪው ጋር ተቀራረበ እንጂ ስለ ቤት ኪራይ አንዳች ነገር አልተማረም።

በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ የአደባባይ ንግግር ችሎታ ከሁሉ በላይ ይፈተንበት የነበረው መድረክ በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው የቀድሞ ሙግት ሁለት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት፣ አንዳንዴም ከመንገድ በተጠራ አላፊ አግዳሚ ፊት፣ ነጠላቸውን አደግድገው ይቆማሉ፤ አንዱ ያለውን ሌላው እየተቀበለ ያፈርሳል፣ በቃሉ የሚተማመንም በበቅሎ ወይም በማር ይወራረዳል። ውርርድ ማለት እዚህ ላይ ተሟጋቹ ያለው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚከፍለውን አስቀድሞ መጥራቱ ነው። ድፍረት ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ፍጹም ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል፤ አንደበተ ርቱዑ እውነት የያዘውን ድሃ ረትቶ የሄደበት ቀን ጥቂት አይደለም። ነገር ግን እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ተቃዋሚ የሚነገር ንግግር አልነበረም።

የግል ትረካ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ሰው ቁጥር ሰምቶ አይንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀሰው የአንድን ሰው ታሪክ ሲሰማ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህ እውነት ግን ሙግታቸውን ከማጠንከር ይልቅ ያፈርሰዋል። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ለአንዳንድ ሰዎች የአንዲት የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ታሪክ፣ ለሌሎች በአፍሪካ አገሮች ስለተከሰተ የምግብ እጥረት የሚገልጹ ቁጥሮች፣ ለቀሩት ደግሞ ሁለቱም በአንድነት ቀርበው ነበር። ከቁጥሮቹ አንዱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ኢትዮጵያውያን ከ11 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ይገልጽ ነበር። ልጅቱን ብቻ ያወቁት፣ ልጅቱንም ቁጥሩንም ካወቁት የበለጠ የእርዳታ ገንዘብ ሰጡ። የብዙኃኑ ችግር ለአንዷ የሚሰጠውን ርኅራኄ አቀዘቀዘው ማለት ነው። እንግዲህ በትረካ የተገኘ ቅርበት ሚዛን አያውቅም፤ ይህን ስልት እንደ ብቸኛ መንገድ የሚያስተምር አሠልጣኝም አድማጩን ከዚህ ድክመት ከማውጣት ይልቅ በድክመቱ መነገድን ያስተምራል።

ከዚህ የተለየ መንገድ እንዳለ አንድ የታወቀ ንግግር ያሳያል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእርሳቸው የበለጠ ልብ የሚነካ የራስ ታሪክ የነበረው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ዋና ከተማቸውን ለቀው በባቡር ጅቡቲ የወረዱት፣ ከዚያም በእንግሊዝ መርከብ የተሰደዱት ገና ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሲሞክሩ ታግሠው፣ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ የተናገሩት ግን ሌላ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስትና አሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ የመርዝ ጋዝ እንዴት እንደረጩ፣ ወንዙና ግጦሹ ምን እንደደረሰበት፣ 52 መንግሥታት ምን ቃል ገብተው እንደነበር፣ የማኅበሩ ቃል ኪዳን ምን እንደሚያስገድድ ዘረዘሩ። ራሳቸውን ያቀረቡት እንደ ከሳሽና እንደ ምስክር ነበር። ምስክርና ተራኪ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ምስክር የሚናገረው በሌላ ማስረጃ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። ንግግሩ አልተሳካም፣ ማኅበሩ በዚያው ክረምት በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አንሥቷል የሚል ይኖራል። ማዕቀቡ የተነሣው ግን የኃያላኑ ጥቅም ስላመዘነ እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ እንባ ስላነሰ አልነበረም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ሲያምን፣ ያመነው በዚያ ቀን በቁጥርና በስፍራ የተመዘገበውን ክስ ነው። አንድ ንጉሥ ስደት ምን ያህል እንዳሳመመው ቢናገር ኖሮ የሚታመንም የሚካድም ነገር ባልኖረ ነበር።

የግል ትረካ ከመጠየቅ ነፃ ያወጣል ሲባል ሁሉንም እኩል አያወጣም። ፍራንቼስካ ፖሌታ የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ታሪክ የሚደመጠው እንደ ተናጋሪው ማኅበራዊ ሥፍራ ነው። የድርጅት ሥራ አስኪያጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ከሥራ ስለተባረረበት ዓመት ሲያወራ ዓመቱን ቢያዛንፍ ማንም አይጠይቀውም፤ ታሪኩ ለማዕረጉ ማጣፈጫ ነው። በዋሽንግተን ወይም በለንደን የጥገኝነት ጥያቄ ያቀረበ ኢትዮጵያዊ ግን ከታሪኩ ሌላ የሚያቀርበው ብዙ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በበቂ ምክንያት ላይ የተመሠረተ ፍርሃት እንዲያሳይ ስለሚጠይቀው፣ ቅጽ ላይ የሞላው ከቃለ መጠይቁ፣ የቃለ መጠይቁም ችሎት ላይ ከሚናገረው ጋር ይመሳከራል፤ የታሰረው በመጋቢት ነው ብሎ በኋላ ሚያዝያ ካለ «ኬዙ» ሊበላሽበት ይችላል፤ መከራ ያየ ሰው ትዝታ የተቆራረጠ መሆኑም አያድነውም። ይህ ሰው ጉዳዩ ተሳክቶለት ወደ አመራር ሥልጠና ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያንኑ እስር በሦስት ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ላይ ትምህርት አክሎ፣ እንዲተርክ ነው። ሥልጠናው ያጠናውን የምህንድስና ሙያ ወይም ስለሚኖርበት ሰፈር ትምህርት ቤት ያለውን ሐሳብ አይጠይቀውም፤ በዚያ ላይ ቢናገር የሚሞግተው ሰው፣ ስለዚህም እንደ እኩያ የሚቆጥረው ሰው፣ ባገኘ ነበር።