ልጆችን ይዞ ወደ ዱር ስለ መውጣት

በዕረፍት ቀን ልጆችን ሰብስቦ ወደ ዱር መውጣት መልካም አሳብ መሆኑን የማያምን ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ አሳቡ መልካም ሲሆን ፍጻሜው ብዙ ጊዜ ልቅሶና ቍጣ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ስንኳ ሳይሄዱ ታናሹ «ደከመኝ» ይላል፤ መካከለኛይቱ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትላለች፤ ታላቁም ፊቱን አጥቍሮ ከኋላ ይጐተታል። አባትም በበኩሉ «ይህን ሁሉ የደከምሁት ለእናንተ ብዬ አይደለምን?» እያለ ይቈጣል። በመጨረሻ ሁሉም ተኰራርፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥፋቱን እኔው ራሴ ስለ ሠራሁት ነው እንጂ።

ነገሩ የሆነው በቴፒ ነው። ቴፒ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኝ፣ ሙቀትና ዝናብ የተስማሙላት የቡናና የቅመም አገር ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን ቡና ማንም ሳይተክለው ከረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ከሚበቅልባቸው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች አንዱ ነው። የሸካ ደን በሐምሌ ወር 2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በጥር ወር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ፤ ዕድሜውም ስምንት ዓመት ነበር። እኔም ከሁለቱ ልጆቼ ጋር አሰልፌ ወደ ጫካው ይዤው ወጣሁ። ከላይ ያልሁትንም ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ስሕተቴም ከዚህ ጀመረ።

አሳቤ ከቀትር በፊት ከወንዙ ዘንድ ደርሰን ምሳችንን እንድንበላ ነበር። ስለዚህ ከፊት ሆኜ እየተናገርሁ ገሠገሥሁ። ልጆቹ ለማየት ሲቆሙ «ኑ፤ ቶሎ በሉ፤ ገና ብዙ ይቀረናል» እላለሁ። ከወንዙ አጠገብ ደርሼ ዘወር ብል የእኅቴ ልጅ የለም። ጠራነው፤ መልስ አልሰጠም። በቡና ጫካ ውስጥ አንዱ ጥርጊያ ከሌላው አይለይም፤ ድምፅም ከቅጠሉ ብዛት የተነሣ ሩቅ አይሄድም። አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ስንፈልገው ሳለን በልቤ የተመላለሰውን ነገር ልጽፈው አልችልም። ለእኅቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? የሚለው አሳብ ብቻ ጉልበቴን አብረከረከው።

በመጨረሻ ቡናውን ሲያርም የነበረ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። እግሩ በሳማ ተለብልቦ ቀልቷል፤ ዓይኑም በልቅሶ አብጧል። ከዛፍ ላይ ጉሬዛ አይቶ ቆሞ ኖሯል፤ ከዚያ ቀና ሲል እኛን አጣን፤ ሊደርስብን ሲሮጥም ሌላ ጥርጊያ ያዘ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህ ልጅ ከእኛ ርቆ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር» ብዬ ገበሬውን ባመሰግነው፣ ሽማግሌው «ልጄ፣ እሱስ ቆሞ ያይ ነበር፤ የራቃችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ። ከዚህ ቃል በኋላ የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚያች ሌሊት ልጁ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፤ ጫካ ሁለተኛ አልገባም» እያለ አለቀሰ። ለመሄድ የቀረው ጊዜ አንድ ሳምንት ነበርና፣ ፍርሃቱን እንደ ያዘ ቢመለስ ዱር ለእርሱ ለዘለዓለም የመጥፋትና የሳማ ስፍራ ሆኖ ይቀራል ብዬ ተጨነቅሁ። መፍትሔውን ያገኘችው የልጆቼ አያት ናት። በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱንም ልጆች ወደ ማድ ቤት ጠርታ የቅመም ዕቃዋን ከፈተች፤ ለአንዱ ኮረሪማ፣ ለአንዱ ጥምዝ፣ ለእንግዳውም የእርድ ሥር ሰጠቻቸው። «እነዚህ ሁሉ እናት አላቸው፤ እናታቸውን ፈልጋችሁ ያገኛችሁ ዕለት ቂጣ በማር እጋግርላችኋለሁ» አለቻቸው።

የእኅቴ ልጅ እርድ በሱቅ ውስጥ ዱቄት ሆኖ የሚፈጠር ይመስለው ነበር። በጎረቤት ጓሮ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል ባለቤቱ ፈቅዶለት ሲቈፍርና ሥሩን ሲሰብረው ጣቶቹ ቢጫ ሆኑ፤ ቢታጠብም አልለቅ አለው። ለማንም ሳያሳይ የዋለበት ሰው የለም። ጥምዙን የያዘችው ልጄ በዱር ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። ኮረሪማውም እንዲሁ ከደን ጥላ ሥር፣ ፍሬው ከቅጠሎቹ ግርጌ ከመሬት አጠገብ የሚወጣ ተክል ነው፤ በማድ ቤት ደርቆ ቡናማ የምናየው ፍሬ በስፍራው ሲበስል ቀይ ነው። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ እንደ ሐረግ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ሲወጣ በቴፒ ይታያል። እንግዲህ ጫካ አልገባም ያለው ልጅ የኮረሪማውን እናት ለማየት ሲል በእግሩ ገባ፤ ማንም አልጐተተውም።

ወላጆች ሆይ፤ ከዚህ የተነሣ የተማርሁትን እንደሚከተለው አቀርብላችኋለሁ።

አንደኛ፤ ለልጅ መድረሻ የሚባል ነገር የለውም። ለእኛ ወንዙ መድረሻ ነው፤ ለእርሱ ግን ጉንዳኑም፣ ድንጋዩም፣ የወደቀው ግንድም እያንዳንዳቸው መድረሻ ናቸው። ስለዚህ ታናሹ ልጅ ከፊት ይሂድ፤ ትልቅ ሰውም ከኋላ ይከተል። መንገዱ ቢያጥር አይጐዳም፤ በአንድ ዛፍ ሥር ሰዓቱ ሁሉ ቢያልቅም አልከሰራችሁም።

ሁለተኛ፤ ለልጅ ስብከት ሳይሆን ሥራ ስጡት። የቅመሙ ፍለጋ አንዱ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቀይ ፍሬ ስጡትና በጥርሱ ይክፈተው፤ ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ በውስጡም ሁለት ፍሬዎች ፊት ለፊት ተያይተው ተኝተዋል። አልፎ አልፎ ግን ድቡልቡል የሆነ አንድ ፍሬ ብቻ የሚገኝበት አለ። ያን ማን ያገኘዋል ብላችሁ ብታወዳድሯቸው ድካም የሚባል ቃል አትሰሙም። ማስፈቀዱን ግን አትተዉ፤ ጫካ የመሰለን ቡና ባለቤት አለውና ልጁ ይህንንም አብሮ ይማራል።

ሦስተኛ፤ ዝምታን ጨዋታ አድርጉት። ሁሉም ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሰሙትን ድምፅ በጣታቸው ይቍጠሩ። በበጋ የደረቀ የብርብራ ቆባ በፀሐይ ተሰንጥቆ ጧ ሲል ይሰማል። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስለው ትልቅ ወፍ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ያስታውቃል። የዚህች ወፍ እናት በዛፍ ጕድጓድ ገብታ በሩን በጭቃ ደፍና ትታቀፋለች፤ አባትየው በጠባብ ቀዳዳ ምግብ ያቀብላታል። ጉሬዛም ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ያገሣል። አዋቂው ጥቍርና ነጭ ሲሆን ግልገሉ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ በእጁም አውራ ጣት የለውም። ይህን ለልጅ ስትነግሩት መጀመሪያ የገዛ እጁን ይመለከታል፤ ከዚያም አውራ ጣቱን አጥፎ ቅርንጫፍ ለመያዝ ይሞክራል። እንዲህ ያለው ትምህርት አይረሳም።

አራተኛ፤ ከወንዝ ዳር ስትደርሱ ቅጠል እንደ ጀልባ ይልቀቁ። የእኅቴ ልጅ «ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኰልሁም፤ በትር ወስጄ በአሸዋው ላይ ሣልሁለት። የዚያ አገር ውኃ በጊሎ ወይም በባሮ በኩል ወርዶ ወደ ሶባት ይገባል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይጨምራል፤ ነጭ ዓባይም ካርቱም ላይ ከጣና የወጣውን የእኛን ዓባይ ያገኘዋል። «እንግዲያው የባሕር ዳርና የቴፒ ውኃ ይገናኛሉ ማለት ነው?» አለ። «አዎን፤ ሁለቱም ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ይገናኛሉ» አልሁት። ከዚያም አሥር ቅጠል ለቀቀ።

አምስተኛ፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ የሚያውቀውንም ሰው ጠይቁ። በዚያ አገር የሸካ፣ የሸኮና የመዠንግር ሽማግሎች ዛፉን ሁሉ በየቋንቋቸው በስሙ ይጠሩታል። ከረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ስታዩ ባለቤቱን ብትጠይቁት የትኛው አበባ የትኛውን ማር እንደሚሰጥ ይነግራችኋል፤ ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ ማሩ ነጭ ይሆናል። ልጁም አባቱ ተማሪ ሆኖ ሲጠይቅ ማየቱ ከብዙ ምክር ይበልጥበታል።

ስለ ጥንቃቄ ደግሞ ጥቂት ልናገር። ረጅም ሱሪና የተዘጋ ጫማ ከሳማ ይጠብቃል። ገብረ ጉንዳን በመንገድ ላይ ተሰልፎ ስታዩ ዙራችሁ እለፉ። ቀፎ ካለበት ዛፍ ሥር አይጩኹ፤ ድንጋይም አይወርውሩ። የማያውቁትን ፍሬ አዋቂ ሳያይላቸው ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ከውኃ ዳር አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ከልጆቹ ላይ አያንሣ። ከሁሉም በላይ፣ ከቤት ሳትወጡ ይህን አስተምሯቸው፤ «እኛን ያጣችሁ እንደ ሆነ አትሩጡ፤ በአቅራቢያችሁ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቁሙና አጨብጭቡ፤ እኛ እንመጣለን።» የጠፋ ልጅ ከቆመ ይገኛል፤ ከሮጠ ግን ይርቃል። በየጊዜውም ዘወር ብላችሁ ቍጠሯቸው። እኔ ያን ዕለት አንድ ጊዜ ስንኳ አልቈጠርሁም ነበር።

በቴፒ የማትኖሩ ወላጆች «እኛ ይህ ሁሉ ወዴት አለን?» ትሉ ይሆናል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ ጥንታዊው ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ አንዱን ዝግባ ወይም አንዱን ወይራ ልጆቹ በክንዳቸው ይለኩት። በአዲስ አበባም የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከልና የእንጦጦ ጫካ አሉ። የመንገዱ ርዝመት ምንም አይደለም። ስሙን የማያውቀው ዛፍ ሲቈረጥ ልጁ የጐደለ ነገር መኖሩን አያስተውልም፤ በስሙ የሚያውቀው ሲቈረጥ ግን «ዋንዛው ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ደንን ለነገ የሚያቈየው ይህን የሚጠይቅ ትውልድ ነው።

የእኅቴ ልጅ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሳምንት በፊት በጣለው ዝናብ የተነሣ ቡናው በአንድ ሌሊት ያበበ ያህል ሆነ። ጠዋት በር ስንከፍት ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ መዓዛው ደጁን ሞልቶት አገኘን። አበባው የሚቈየው ጥቂት ቀን ብቻ ነውና ልጁ ቍርስ ሳይበላ «እንሂድ» አለ። ያን ዕለት እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ጉሬዛውን ካየበት ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ እኔም ቆምሁ። እስኪበቃው ድረስ አየ።

አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በስልክ ጠራኝ። «አጎቴ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ትልቁ ዛፍ ዝግባ ነው ተባልሁ። ነገር ግን ጉሬዛ የለበትም። ለምንድን ነው?» አለኝ። የማውቀውን ጥቂት ነገርሁትና ቀሪውን በመጪው ዕረፍት አብረን ሽማግሌውን ልንጠይቅ ተቀጣጠርን። እስከዚያው ድረስ በየእሑዱ ዛፉን እየተመለከተ እንዲቈየኝ አደራ ብዬዋለሁ።