ጨዋታ ነው ብላችሁ የናቃችሁት ሬዲዮ

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ኔትወርክ ስላለ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ቻናሉም የለም፣ እኔም የለሁም፣ ክርክሩም የለም። ለሌላው አገር ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲጠፋ ሸሕዲ ለነበረ ሰው ግን ተራ አይደለም። እዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ስለፈነዳ በመተማ በኩል ስደተኛው እየጎረፈ ነበር። ማን ተሻገረ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ የሚለውን ለማወቅ ከገላባት የመጣ ሰው አፍ አፍ ማየት ነበር።

ታዲያ አማተር ሬዲዮ ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ነው የምሰማው። አንደኛው «ጊዜ የተረፋቸው ፈረንጆች ጨዋታ ነው» የሚል። ሁለተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተው፣ ሬዲዮ ይዘህ ብትገኝ ምን እንደምትባል ታውቃለህ» የሚል። ሁለቱንም ልመልስ።

ጨዋታ ነው ላላችሁት፦ አዎ፣ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ለ48 ሰዓት የሚካሄድ ትልቅ የዓለም ውድድር አለ። ተወዳዳሪው በተሰጠው ጊዜ የቻለውን ያህል ጣቢያ ያገኛል፤ የሲግናል ጥራትና የቀጠና ቁጥር ይለዋወጣል። ለውድድሩ ዓለም በ40 ቀጠና ተከፍላለች። ኢትዮጵያ 37 ናት፣ ሱዳን 34። እንግዲህ መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የምትለየው ያቺ ትንሽ ድልድይ የሁለት ቀጠና ድንበርም ናት። ሌላም አለ፤ ከብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆኖ ማስተላለፍ። ባትሪና ሽቦ ተሸክመህ ፓርክ ትገባለህ፣ ቢያንስ 10 ጣቢያ ካገኘህ ፓርኩ ተቆጠረልህ። በአሜሪካ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የፓርኮቹን አስተዳደር 100ኛ ዓመት ሲያከብር የጀመረው ነገር ነው፤ ዛሬ ዓለም ላይ ተዛምቷል።

ጉግስስ ጨዋታ አይደለም? በጥምቀት ፈረስ ሲጋልብና ዘንግ ሲወራወር ያያችሁት ሰው ምን እየተለማመደ ይመስላችኋል? አባቶቻችን የጦር ፈረሰኛን በጨዋታ ሜዳ ነው የሠሩት። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። በ48 ሰዓት ውድድር ውስጥ ሰው የሚማረው ሌላ ነገር አይደለም፤ በሺህ ጩኸት መካከል አንድ ደካማ ድምፅ መለየት፣ የሰማኸውን መጠሪያ ሳትሳሳት መጻፍ፣ የትኛው ሞገድ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚደርስ ማወቅ፣ ባትሪ መቆጠብ፣ እንቅልፍ ሳይጥልህ መሥራት። ከፓርክ ማስተላለፍ ደግሞ መብራት በሌለበት ጣቢያ ማቆም ያስተምራል። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ሬዲዮ፣ አደጋው ሲመጣ የሚያንቀሳቅሰው አይገኝም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሕንድ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2004 ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ሴት የመራችው የአማተሮች ቡድን፣ ለዓመታት የሬዲዮ ፈቃድ ተነፍጎ ወደነበረው የአንዳማን ደሴቶች ሄደ። የሄዱት ለዚሁ «ጨዋታ» ነው፤ ብርቅ ከሆነ ቦታ ለዓለም ለመጣራት። በ26ኛው ቀን ሱናሚው መጣ። ስልኩ ሲቋረጥ ለጨዋታ የተተከለው አንቴና የደሴቶቹ መገናኛ ሆነ፤ ማን ተረፈ የሚለው ወሬ ወደ ዋናው ሕንድ የተሻገረው በእነሱ እጅ ጭምር ነው። መንግሥት ፈቃዱን በዚያ ወር ባይሰጥ ኖሮስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ፈሪው። ፍርሃቱን አልንቅም፤ በእኛ አገር ሁኔታ ምክንያት አለው። ግን እስቲ እናስብበት። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አማተር ለአማተር ከአገር አገር ሲነጋገር በምስጢር ኮድ እንዳይናገር ይከለክላል። መጠሪያውን በየጊዜው ይናገራል። መሣሪያውም ሰውየውም ተመዝግበዋል። ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ሰላይ ሊይዘው ከሚችለው መሣሪያ ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው፤ ስሙን እየጠራ በአደባባይ የሚሰልል ሰው ካለ አሳዩኝ። ያው ደንብ አገሮች አማተሮቻቸው ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ መንገድ እንዲያመቻቹ ያበረታታል። ኢትዮጵያም የደንቡ አባል ናት።

«ሳተላይት ስልክ አለ አይደል» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ለድርጅቶች። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ለወረደው፣ ወባ ወይም ካላዛር ይዞት ከእርሻ ካምፕ ለሚጣለው ልጅ ግን የለም። በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ግን የመኪና ባትሪና ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ሽቦው ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማይ ይመለሳል፤ ተራራ አያግደውም። ከሸሕዲ ጎንደርና ባሕር ዳር፣ ቀኑ ከቀና አዲስ አበባም ይደርሳል። መሣሪያውን ጥላ ስር አስቀምጡት እንጂ፤ የመጋቢት ፀሐያችን ለሰውም አይራራ።

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ 3 ኤኤ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ከ5 ኪሎ ሆነው ቀጠና 37ን ለዓለም ያሰማሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ቅሬታዬ ግን የሬዲዮው ነገር እዚያው 5 ኪሎ መቅረቱ ላይ ነው። ሬዲዮ ይበልጥ የሚያስፈልገው ስልክ ሞልቶ ለተረፈው ከተማ አይደለም። ቆላችን ላይ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በካሜራ ወጥመድ አንበሳ አገኙበት ተብሎ ዓለም ተደነቀ፤ የቋራ ሰው ግን አንበሳውን ያውቀው ነበር። ዛሬ ባለው ሁኔታ ሽቦ ተሸክማችሁ አልጣሽ ግቡ አልልም፤ እብደት ይሆናል። ሰላም ሲወርድ ግን የሚገባ የሠለጠነ ልጅ መኖር አለበት፤ ልጁ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይሠለጥንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለክበብ ጣቢያ የሚሰጠውን ፈቃድ ለቆላውም ያስብበት፤ ፈተናውም ጎንደር ድረስ ይምጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ክበብ ለመጀመር አንድ ክፍልና አንድ መምህር ይበቃል። ዞኑ ከፈቀደ ሸሕዲ ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሁሉም እያየው አንድ አንቴና ይተከል። ፖሊስም መጥቶ ይስማ፤ ወንበር አናጣለትም። ትልቁ ውድድር በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይውላል፤ የሰሊጥ ማሳው ሠራተኛ የሚሞላበት ወቅት ማለት ነው።