የወለቃ ሸክላ የማን እጅ ሥራ ነው?

ዘንድሮ የተማሪዎች ማኅበራችን የባህል ዕቃ ትርኢት ሲያሰናዳ እኔም እንደ ሌላው ተማሪ ከአገሬ ከደባርቅ የአያቴን አሮጌ ጀበና በነጠላ ጠቅልዬ አመጣሁ። በማግሥቱ ብመለከት ከጀበናዋ ሥር ወረቀት ተለጥፏል። «ባህላዊ ጀበና፤ ያበረከተው ተማሪ እገሌ» ይላል። እገሌ የተባልኩት እኔ ነኝ። በአውቶቡስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በጉልበቴ ላይ ከማስቀመጥ በቀር በዚያች ጀበና ላይ የሠራሁት አንዳች ሥራ የለም። በዕረፍት ቀን ወደ ቤት ስገባ አያቴን የሠሪዋን ስም ብጠይቃት፣ «ኧረ ልጄ፣ ባለእጂቱ ነበር የምንላት» አለችኝ። መልኳን ታስታውሳለች፤ ዋጋውንም ታስታውሳለች።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በዚሁ ጋዜጣ ላይ ሰሜን ጋለሪ ያስፈልገዋል እያሉ መጻፋቸውን አንብቤአለሁ። አሳባቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ገና ከተማውን ለቆ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ወለቃ ላይ አንድ ጋለሪ አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ መደርደሪያው እንጨት ነው። በደጁ የዳዊት ኮከብ የተሣለበት ሰሌዳ ተተክሏል። ስንቶቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተነው አለፍን?

የዚህ ጋለሪ ታሪክ የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አጼ ሱስንዮስ እስኪያሸንፏቸው ድረስ የሰሜን አምባ ምሽጋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ርስት አጡ። መሬት የሌለው ሰው በምን ይኖራል? በእጁ ነው እንጂ። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኛዎቹ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ። ስለዚህ ያ ጥበብ «የጎሣው ተፈጥሮ» ነው የሚሉትን አልቀበልም። ከርስት መነቀል የወለደው ነው።

ሥራውን ቆሞ ላየ ሰው የሚያስደንቅ ነው። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ይደባለቅበታል፤ ይህ ጭቃው በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። መንኰራኩር የለም። ሴትዮዋ ጭቃውን እየጠቀለለችና እየደራረበች በጣቷ ታቆመዋለች፤ በለስላሳ ድንጋይም ትፈገፍገዋለች። ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል። ነፋስ ከመጣ የስንት ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ገል ሆኖ ይቀራል። ምጣዱንና ድስቱን ባላገሩ ገዝቶ ያሟሻል። ጎብኚ ሲበዛ ደግሞ ትንንሾቹ ምስሎች በረከቱ፤ ኦሪት የሚያነብ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ።

በዚያው ዘመን እኛ ምን እንል ነበር? «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እንል ነበር። በእነርሱ ምጣድ እንጀራ እየጋገርን፣ በእነርሱ ማረሻ እያረስን፣ ልጆቻችንን ከዐይናቸው እንሸሽግ ነበር። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። በልጅነቴ እኔም ራሴ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር እንዳልጫወት ተነግሮኛል፤ ታዝዣለሁም። ይህን የምጽፈው ንጹሕ ነኝ ለማለት አይደለም።

ከዚያ ሄዱ። ብዙዎቹ ከሰሜንና ከወልቃይት በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር የሞቱት ብዙ ናቸው። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ የተረፉት በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች አንድ ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ወለቃ ላይ ትንሿ ጸሎት ቤት፣ ሰሌዳውና ጭቃው ቀሩ።

ጭቃውን ያነሡት ሌሎች ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «እንግዲያውስ ሐሰተኛ ዕቃ ነው» አለኝ። አጥብቄ ተቃወምኩት። ጥበብ በደም አይወረስም፤ በጣት ይለመዳል። አባቶቻቸው የናቁትን ሥራ አክብረው የያዙ ሴቶች፣ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ጎብኚ ሲጠፋም ከእሳቱ ዳር ያልተነሡ፣ ሐሰተኞች ሊባሉ አይገባም። ሐሰቱ ያለው በሰሌዳው ላይ ነው። የሄዱትን ሰዎች ምልክት ያሳያል፤ ለምን እንደ ሄዱ አይናገርም፤ አሁን የሚሠሩትንም አይጠራም።

እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ተልእኮ ከጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንሥቶ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በምትኩ ግልባጭ የሣለው ሰው ጋስቶን ሉዊ ሩ ይባል ነበር። የገልባጭ ስም እንኳ ለታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል! የወለቃ ሴቶች ይህን ያህል እንኳ አላገኙም።

ነገሩ የወለቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከደባርቅ ወደ ላይ ወጥታችሁ ጨነቅ ብትደርሱ፣ በዚያ ብርድ ልጆች ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብና ስፌት ይዘው መኪና ይጠብቃሉ። ጎብኚው ይገዛል፤ «የሰሜን ቆብ» ብሎ ይሄዳል። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አጠገብ ሲሰፍሩ፣ ጠጉሩን የሚፈትሉት እጆች አብረው ወረዱ። ማን ምን ይሠራ እንደ ነበር የጻፈ ከእኛ መካከል ማነው?

አንድ መምህራችን ይህን አሳቤን ሰምተው፣ «ስም ለሥዕል እንጂ ለድስት አይጻፍም» ብለው ሣቁ። ከአክብሮት ጋር ለምን ብዬ እጠይቃለሁ። ፊደል የማታውቅ ሴት ብትሆን እንኳ ጭቃው ሳይደርቅ ከሥሩ ምልክቷን በእሾህ ለመጫር አፍታ አይፈጅባትም፤ ምልክቱን ከስሟ ጋር በመዝገብ የሚያሰፍር ተማሪ ግን ያስፈልጋል። ወለቃ በታክሲ ቅርብ ነው። የታሪክና የሥነ ጥበብ መምህራን በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጡ ተማሪዎችን ሲመክሩ እሰማለሁና፣ ርእሱ ይኸውላቸው።

ማኅበራችንም ወረቀቱን ይለውጥ። «በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴት ሠራችው፤ ስሟን ሳንጠይቅ ቀረን» ተብሎ ይጻፍ። እስከዚያው ድረስ ጀበናዋን ወደ ደባርቅ መልሻታለሁ፤ ጠፋች ብላችሁ እንዳትፈልጓት። አያቴ ቡና እያፈላችባት ነው።