ፋይሉ ተለወጠ፤ አማርኛውስ?

የሰነድ መለወጫ ሶፍትዌሮች ሥራቸውን ሲያበቁ ፋይሉ በተሳካ ሁኔታ መለወጡን ያበሥራሉ። ሰነዱ እንግሊዝኛ ከሆነ ብሥራቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ለተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነት የራቀ ነው። ፋይሉ ከአሮጌው ቅርጸት ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ ገጹ ይከፈታል፤ አንቀጾቹና ሠንጠረዦቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ቋንቋው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። በአማርኛው ምትክ የላቲን ፊደላት፣ የቃለ አጋኖና የዶላር ምልክቶች ተደባልቀው ይታያሉ። ሶፍትዌሩም ስሕተት መፈጠሩን አያውቅም።

የዚህ ችግር ሁለቱም ጫፎች በሲያትልና በአካባቢዋ ይገናኛሉ። ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ፣ በሬድመንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። የዓለም መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን የሚጽፉበት ወርድም ሆነ የሚያከማቹበት ሼርፖይንት የዚሁ ኩባንያ ምርቶች ናቸው። በዚያው አካባቢ ደግሞ ቁጥሩ ቀላል የማይባል ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ይኖራል። የከተማዋ አስተዳደር፣ የኪንግ ካውንቲ መሥሪያ ቤቶችና የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለነዋሪው የሚያወጡትን መረጃ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሃይማኖት ተቋማትም የየራሳቸው የአማርኛ ሰነድ አላቸው። ስለዚህ አንድ የይዘት አስተዳደር ሶፍትዌር የትኛውን የፋይል ቅርጸት ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

የጥፋቱ ምንጭ በአንድ ወቅት መፍትሔ ከነበረ ብልሃት ይጀምራል። በቀደመው ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጡ ምልክቶችን ነበር። የግዕዝ ፊደል ከነዝርዝሩ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ቦታ ይፈልጋል። የዘመኑ ባለሙያዎች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡ፤ አንዱ ፎንት አልበቃ ሲልም ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች አከፋፈሉ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ብራና የመሳሰሉት ስሞች ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው በእነርሱ ድካም ነውና ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም እያንዳንዱ ፎንት ፊደላቱን የሚደለድልበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። በአንዱ ፎንት «ለ» የሆነው ኮድ በሌላው ፎንት ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ነበር፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው በፎንቱ ምክንያት ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር የማይለወጥ የራሱን ቁጥር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተሰኘውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ግን በአዲሱ ሥርዓት የተጻፈ አልነበረም። ልማድ ኃይለኛ ነውና በርካታ ጸሐፊዎችና ማተሚያ ቤቶች በለመዱት ፎንት ለረጅም ጊዜ ቀጥለዋል። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ አይለወጥም።

የይዘት አስተዳደር ሶፍትዌር ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወርድፕሬስን፣ ድሩፓልንም ሆነ ሼርፖይንትን የሚጠቀም ተቋም ወደ ድረ ገጹ የሚገባው ጽሑፍ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ይፈልጋል። ስለዚህ ከወርድ ሰነድ ሲገለበጥ ወይም ሲለወጥ የፎንት ስም፣ መጠንና ቀለም አላስፈላጊ ጌጥ ተብለው ይወገዳሉ። ለእንግሊዝኛ ይህ ተገቢ ጽዳት ነው። ለአሮጌው የአማርኛ ሰነድ ግን የፎንቱ ስም ጌጥ ሳይሆን የቃሉ መፍቻ ቁልፍ ነው። ስሙ ሲጠፋ፣ የትኛው ኮድ የትኛውን ፊደል ይወክል እንደነበር የሚናገር ምስክር ይጠፋል። ለሁሉም ይጠቅማል ተብሎ የተሠራ ሥርዓት አንዱን ቋንቋ ብቻ ለይቶ የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ።

ፒዲኤፍ መፍትሔ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ይህ ቅርጸት ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ ገጹ በየትኛውም መሣሪያ ላይ አምሮ ይታያል። ይሁን እንጂ ከዓይን ባሻገር ያለው ነገር ሌላ ነው። በአሮጌ ፎንት ከተዘጋጀ ፒዲኤፍ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ሌላ ቦታ የሚለጥፍ ሰው የሚያገኘው ያንኑ የላቲን ድብልቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ክምችት የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ የተባለው ደረጃ እንኳ፣ ጥብቅ በሆነው ዓይነቱ፣ እያንዳንዱ ምልክት የዩኒኮድ አቻ እንዲኖረው ቢያዝም አቻው እውነተኛ መሆኑን አያጣራም። «ሰ» በላቲን ፊደል ተመዝግቦ ሳለ ሰነዱ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

የጉዳቱ ሰለባዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፈላጊው ነው። አንድ የመተዳደሪያ ደንብ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ቢኖርም በአማርኛ ቃል ሲፈለግ ካልተገኘ፣ ለአባላቱ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ዓይነ ስውሩ ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም የሚያየው ኮዱን እንጂ ቅርጹን አይደለም፤ ስለዚህ ትርጉም የለሽ የላቲን ድምፆችን ያነበንባል። ሦስተኛው ቋንቋው ራሱ ነው። የትርጉም መሣሪያዎችና ሌሎች የቋንቋ ቴክኖሎጂዎች የሚማሩት ሊነበብ ከሚችል ጽሑፍ ነው። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተጻፈው እጅግ ብዙ አማርኛ በአሮጌ ኮድ ታሽጎ ለማሽኑ እንደ ባዶ ወረቀት ሆኗል።

ወረቀቱን አትሞ፣ በስካነር አንሥቶና በምስል አንባቢ ሶፍትዌር አስነብቦ ችግሩን መፍታት ይቻላል የሚል ክርክር ይነሣል። ሰነዱ በወረቀት ብቻ የተረፈ ከሆነ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፋይል በእጅ እያለ ግን ወደ ኋላ መሄድ ይሆናል። ምስል አንባቢው ጥቃቅን የቅጥያ ምልክቶችን ይስታል፤ «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ሀ»ን ከ«ሃ» ሊያምታታ ይችላል። በአሮጌው ፋይል ውስጥ ግን ጸሐፊው የተየበው እያንዳንዱ ፊደል ሳይጓደል ተቀምጧል። የሚያስፈልገው የዚያ ፎንት የኮድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ሠንጠረዡ ከተገኘ ቅየራው ግምት የለበትም።

ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው። ትናንሽ ማኅበራት ባለሙያ መቅጠር አይችሉም ይባላል። ዋናው ፈተና ግን ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የቆየ የአማርኛ ገጽ ወደ ሶፍትዌሩ ማስገባት፣ የወጣውን ጽሑፍ ቅርጽ በሌለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም አንድ ቃል መፈለግ ብቻ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ሥርዓተ ነጥቡም ሊታይ ይገባል፤ አራት ነጥብ በአንድ ኮድ መሆን ሲገባው ሁለት ጊዜ በተጻፈ ሁለት ነጥብ የተተካባቸው ሰነዶች ብዙ ናቸውና። ዓረፍተ ነገርን ለይቶ የሚያነብ ፕሮግራም በዚህ ይሰናከላል።

ከሻጩ የሚጠየቀው ጥያቄም መለወጥ አለበት። ሶፍትዌሩ ስንት የፋይል ቅርጸት ይደግፋል ተብሎ መጠየቁ በቂ አይደለም። አማርኛ ሆኖ የገባው አማርኛ ሆኖ ይወጣል ወይ? የማያውቀው ፎንት ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ያልፋል ወይስ ያስጠነቅቃል? የመጀመሪያውን ፋይል ከተለወጠው ጋር ያስቀምጣል ወይስ ይደመስሳል? ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን የሚገልጸውን የቋንቋ መለያስ ይመዘግባል? እነዚህ ጥያቄዎች በግዥ ውል ውስጥ ሊሰፍሩ ይገባል። አማርኛ የሚናገሩ ነዋሪዎችን አገለግላለሁ የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለትርጉም ገንዘብ ከፍሎ፣ ትርጉሙ በማይፈለግና በማይነበብ ፋይል ውስጥ እንዲቀበር መፍቀድ የለበትም።

ከሁሉም በላይ ጊዜው አጭር ነው። የኮድ ሠንጠረዥ በጥረት ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ አንድ ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያስታውሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው ሰው ነው። የ1990ዎቹ ጸሐፊዎች፣ የማኅበር ፀሐፊዎችና የጋዜጣ አዘጋጆች ዛሬ በጡረታ ዕድሜ ላይ ናቸው። አሮጌ ዲስክና አሮጌ ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት፣ ፋይሉም በአዲስ ሶፍትዌር «ከመጽዳቱ» በፊት፣ እነርሱን ጠይቆ የፎንቱን ስም በፋይሉ አጠገብ መመዝገብ ይገባል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ካለፈ በኋላ ግን የትኛውም ሶፍትዌር የማይመልሰው ነው።