የባሕር ንግድ ታሪክ በባሕር ዳርቻ አያበቃም

በመካከለኛው ዘመን ስለነበረው የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ሲነሣ የተመራማሪዎች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በታንዛኒያዋ ኪልዋ፣ በኬንያዋ ጌዲና በመሰሎቻቸው የስዋሂሊ ከተሞች ላይ ነው። ከወደብ ወደ መሀል አገር የገባው ዕቃና ዕቃውን የተቀበለው ሰው ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኙም።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትገኘው ሐርላ ይህን ሚዛን አናውጣለች። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ በ2009 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው በሥፍራው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ዛጎል፣ የብርጭቆ ጨሌ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ እንዲሁም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም ተገኝቷል። የመስጊዱ አሠራር በደቡባዊ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከታወቁት ጋር ይመሳሰላል። በአፈ ታሪክ ግዙፋን እንደሠሩት ይነገርለት የነበረው ከተማ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ መኖሪያ ሆኖ ተገኘ።

በሌላ በኩል በሸዋ ተረተር ግርጌ ኖራንና አስባሪን የመሰሉ የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች ተጠንተዋል። በእነዚህና በሐርላ መካከል የአዋሽ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ወለንጪቲ ከሸለቆው ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በዚሁ አልፏል፤ የጅቡቲ መንገድም እንዲሁ። የዛሬ መንገድ የጥንት ሲራራ በዚያው ማለፉን አያረጋግጥም፤ ጥያቄውን በመስክ ለመፈተን ግን በቂ ምክንያት ነው።

ፈተናው ጊዜ አይሰጥም። በሸለቆው መንገድ፣ ሼድና መኖሪያ ቤት በየጊዜው ይገነባል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይሁን እንጂ የሸክላ ስባሪና ዛጎል ቅርስ መሆናቸውን ያልተነገረው የቁፋሮ ሠራተኛ ምን ብሎ ያሳውቃል?

ቅድመ ጥናት ልማትን ያዘገያል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ዲዛይኑ ሳይጸድቅ በእግር የሚደረግ አሰሳ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከሚመጣ መቋረጥ ይቀላል። ከአፈር ንብርብሩ የተነቀለ ጨሌ ጌጥ ሆኖ ይቀራል እንጂ ዘመኑንና ባለቤቱን አይናገርም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከወለንጪቲ እስከ አዋሽ ያለውን መስመር ሊመድቡ፣ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም ገበሬው በእርሻው የሚያገኘውን ሊመዘግቡ ይገባል። የሐርላ ገበሬዎችም በማረሻቸው ሳንቲምና ሸክላ ያወጡ የነበሩት ተመራማሪ ከመምጣቱ በፊት ነው።